ወፈረ የተባለው ወንድሜ፤ ከአዋሽ እስከ ሰመራ

ቆላን ለደገኛ ማስረዳት ከባድ ነው። እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ጠዋት ፊቴን የምታጠብበት ውሃ ላዩ በረዶ ሠርቶ በኩባያ ቂጥ እየሰበርኩ። ኋላ ኑሮዬ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ሆነ፤ እዚያም ቢሆን ከጥቅምት እስከ ጥር ካፖርቴን አላወልቅም። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ደገኛ «ይህ ሰው ሙቀቱን አጋነነው» ቢለኝ አልቀየምም። እኔም ለሚነግሩኝ ሰዎች እንዲያ ስል ነበር።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። የደርግ ዘመን ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ወጣቱ የሚገባበት ጠፍቶት ነበር፤ በዚያ ጊዜ ለሽርሽር በአሰብ መንገድ የሚወርድ ሰው ቢኖር ጤንነቱ ያጠራጥራል። ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ሰመራ ላይ፣ መንገድ በሚጠግን ካምፕ ውስጥ የግሬደር ኦፕሬተር ነበር። ስድስት ዓመት አልተያየንም። እናታችን ከእኔ ቤት ሁለት በር አልፋ ጉለሌ ትኖራለች፤ በዚያ ዓመት ልቧ ደከመና «ሳልሞት ደምሴን አምጣልኝ» ማለት አበዛች። ስጽፍለት «ለፋሲካ እመጣለሁ» ይላል፤ ፋሲካው ያልፋል። በመጨረሻ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ ራሴ ወርጄ፣ እጁን ይዤ ላመጣው ቆረጥኩ።

ሥራዬንም ልናገር፤ ሳልናገረው የማልፈው ነገር ቢሆን ደስ ባለኝ። በአንድ ሆስፒታል ቁስል የማጥብ፣ ሐኪም የምረዳ ድሬሰር ነኝ፤ የጉበት ሕመምተኞች በሚተኙበት ክፍል። የክፍሉን ሐኪም ሁልጊዜ የሚከነክነው አንድ ጥያቄ ነበር። የጉበት ካንሰር አንዱን ሰው በስድሳ ዓመቱ ሲይዘው ሌላውን ገና በአርባው የሚቀድመው ለምንድን ነው? መጠጡ ነው? ውፍረቱ ነው? አኗኗሩ ነው? ለራሱ ደብተር ብሎ በእጁ ያዘጋጀው ቅጽ ነበረው፤ ዕድሜ፣ ክብደት፣ የቀድሞ ክብደት፣ መጠጥ፣ ትምባሆ፣ የወፍ በሽታ ይዞህ ያውቃል ወይ የሚል። «ከወረድክ አይቀር እስኪ የቆላውንም ሰው ጠይቅልኝ» ብሎ አንድ እሽግ ቅጽ አስያዘኝ።

እናቴ በበኩሏ አንድ ትልቅ ጣሳ የተነጠረ ቅቤ አስያዘችኝ። ደምሴ ከዓመት በፊት ፎቶግራፍ ልኮ ነበር፤ ቦርጩን ገፍቶ፣ ግሬደሩን ተደግፎ። እናቴ ከማርያም ሥዕል አጠገብ ሰቅላ መንደሩን ሁሉ ጠርታ አሳይታለች። «የወፈረው እንዳይከሳብኝ በዚህ ያሠራ» ነው ያለችኝ ጣሳውን ስታስረክበኝ።

የመጀመሪያው ቀን

የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ቀበሌ አራት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ጠዋት ከለገሃር ተነሣን። ባቡሩ ሞልቶ ሰው በሰው ላይ ነው። ናዝሬት ላይ ካፖርቴን አወለቅኩ፤ ወለንጪቲ ላይ ሹራቤን፤ መተሐራ ላይ የሚወልቅ ነገር አለቀብኝ። ጥቁሩን የድንጋይ ሜዳ በመስኮት እያየሁ ስደነቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ይሄ ምንድን ነው የሚንጠባጠበው?» አሉ። ቀና ብል ቅቤው ነው። የደጋ ቅቤ ቆላ ሲወርድ ውሃ እንደሚሆን ማንም አልነገረኝም፤ እናቴም ክዳኑን በጨርቅ ብቻ ነው ያሰረችው። ከላይ ከዕቃ መደርደሪያው በሴትዮዋ ነጠላ ላይ፣ ከዚያ በእኔ ቦርሳ ላይ፣ ከቦርሳው ወደ ሐኪሙ ቅጾች ወርዷል። ሴትዮዋ ደግ ሆነው ነው እንጂ መደብደብ ይገባኝ ነበር። ነጠላቸውን ጨምቀው ጨምቀው «እንግዲህ ፀጉሬን ልቀባው» ብለው ሳቁ።

አዋሽ ስንደርስ ከሰዓት ነበር። ኬላው ላይ ወታደሩ ቅቤ የጠጣውን የይለፍ ወረቀቴን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየና መለሰልኝ። ያደርኩት ከጣቢያው ብዙ በማይርቅ፣ የወሎ ሰው በሆኑ በወይዘሮ ዘሃራ ቤት ነው። ገና ከበሩ ሲያዩኝ «ወንድምዓለም፣ ምን ዋጠህ?» አሉኝ። ታሪኩን ስነግራቸው ቅጾቹን አንድ በአንድ ተቀብለው ንጣፍ ላይ አሰጡና ዱቄት ነሰነሱባቸው፤ ዱቄቱ ቅቤውን ከጠጣው በኋላ አራገፉት። ወረቀቶቹ የተጠበሰ ድንች የተጠቀለለበት መስለው ተነሡ፤ ግን ይጻፍባቸዋል። ጉለሌ ብሆን ለማያውቀው ሰው ዱቄት የሚያባክን ጎረቤት የለኝም፤ ዱቄትም በቀበሌ ካርድ በሚገዛበት ዘመን።

እዚያው የሚመገቡ ጋሽ ተካ የሚባሉ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ቅጹን ልጀምር ብዬ ዕድሜያቸውን ጠየቅኳቸው። ጋሽ ተካ ጉርሻቸውን አላምጠው ዋጡና «የትኛውን? የባቡሩን ነው የእናቴን?» አሉኝ። ሲቀጠሩ ጡረታ እንዳይቀድማቸው ሰባት ዓመት ቀንሰው ነው የተመዘገቡት፤ ጓደኞቻቸውም እንደዚያው፤ ከሰባትም በላይ የቀነሰ አለ። አንዱ ጓደኛቸው፣ ባለፈው ክረምት በጉበት የሞተው፣ በወረቀት አርባ ዘጠኝ በእናቱ ስድሳ ነበር። ሐኪሙ ይህን ቢሰማ ብዬ አሰብኩ። እኛ ሆስፒታል ተቀምጠን «ለምን በዚህ ዕድሜው?» እያልን ራሳችንን ስናስጨንቅ፣ ዕድሜው ራሱ ውሸት ነው።

ማታ አልጋዬ ግቢ ውስጥ ተዘረጋልኝ። ቤት ውስጥ መተኛት የማይታሰብ ነው አሉኝ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውጭ የሚያድር በግ እንኳ የለም።

ሁለተኛው ቀን

በእርሻ መኪና መልካ ወረር ወረድኩ። አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ እዚያ የጥጥ ማሳ ኃላፊ ነው፤ ሰዎቹን እንድጠይቅ ሊያመቻችልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ከአዋሽ ሲታይ ሁሉ ነገር የተቃጠለ ይመስላል፤ መልካ ወረር ሲደረስ ግን አረንጓዴ ነው፤ ቦይ ለቦይ ውሃ ይሄዳል፤ ጥጡ ነጭ በነጭ። ያ አረንጓዴ ግን ሙቀቱን አይቀንሰውም፤ እንፋሎት ይጨምርበታል እንጂ።

የሰው ሚዛን የለም። ጓደኛዬ «ጥጡ የሚመዘንበት አለ አይደል?» አለኝ። ጆንያ የሚንጠለጠልበት ትልቅ ሚዛን ነው። ከሥሩ ሸራ በገመድ አንጠለጠልንና ሰው እየገባ እንደ ጨቅላ ልጅ ተኮራምቶ እንዲመዘን አደረግን። ወሬው ወዲያው ማሳውን ሞላው፤ ድሬሰር መጣ፣ ሰው እየመዘነ ነው ተባለ።

ያልገባኝ ነገር ወጣቶቹ ሁሉ ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው መምጣታቸው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልጠጣንም ብለው የሚያዛጉም ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ በዚያ ሙቀት ሁለት ሁለት ሸሚዝ ደርበው ተሰልፈዋል። አንዱ አዛውንት ሸራው ላይ ሲቀመጡ ከኪሳቸው ኮረት ተንሸራቶ ወደቀ። ኪሳቸውን ስፈትሽ ሌላም አለ። ሲጣራ ነገሩ እንዲህ ነው። ወጣቶቹ ለውትድርና ነው የሚመዘነው ብለዋል፤ ቀላል ሰው ይቀራል ብለው ተስፋ አድርገዋል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የከሳ ሰው ከሥራ ሊቀነስ ነው ብለዋል። አዛውንቱን እንዳይሰጉ ብዬ ባስረዳቸው ባስረዳቸው «እሺ ጌታዬ፣ ድንጋዩን ግን መልስልኝ» አሉኝ፤ ሲወጡ የሚመዝን ሌላ ሰው እንዳይጠብቃቸው ፈርተው።

ያን ቀን የሞላኋቸው ቅጾች በሙሉ ውሸት ናቸው። ዕድሜው ውሸት፣ ክብደቱ ውሸት፣ መጠጡም ውሸት፤ የእርሻው ካድሬ ቆሞ እያየ ማን እጠጣለሁ ይላል? በሐኪሙ ጥያቄ እዚያው ተስፋ ቆረጥኩ። ሰው ስለ ሰውነቱ እውነቱን የሚናገረው ማንም ምንም እንደማያደርገው ሲያምን ነው፤ ያኔ እንዲህ ብሎ የሚያምን ሰው አላጋጠመኝም።

ሦስተኛው ቀን

ከአስፋልቱ ዳር ቆሜ ወደ አሰብ የሚወርድ የጭነት መኪና አገኘሁ። ሾፌሩ ይመር ይባላል፤ የባቲ ሰው ነው፤ አፋርኛ እንደ አማርኛ ይናገራል። የደምሴ ወንድም መሆኔን ስነግረው መሪውን በሁለት እጁ መታ። «ደሜን የማያውቅ ሾፌር በዚህ መንገድ የለም ወላሂ። የካምፑ ግርማ ሞገስ እኮ እሱ ነው» አለኝ። ከሁሉም ወፍራሙ እሱ ነው፤ ባለሥልጣን ለጉብኝት ሲመጣ ከፊት የሚያቆሙት እሱን ነው፤ የካምፑ ኑሮ የተመቸ እንዲመስል። ከዚያ ጀምሮ ስሜ ቀርቶ «ዶክተር» ሆንኩ፤ ድሬሰር ነኝ እንጂ ብዬ ባርመው «ያው ነው፣ ነጭ ትለብሳለህ» አለኝ።

ገዋኔን አልፈን አዳይቱ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የኋላ ጎማ ፈነዳ፤ ተቀያሪውም ቀድሞ የፈነዳ ነበር። ይመር አልደነገጠም። ከመንገዱ ገባ ብሎ የሰሌን ቤቶች ነበሩ፤ ጎማው በሌላ መኪና አዳይቱ ሄዶ ተጠግኖ እስኪመለስ እዚያ ተቀመጥን። ሙሳ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ጥላውን ለእኛ ለቀቁልን፤ እሳቸው ከፊል ፀሐይ ላይ ሆኑ። ጭስ ጭስ የሚል የግመል ወተት በሰሌን ዕቃ ቀረበ። ቀጭን ናቸው፤ ክንዳቸው ግን ገመድ ነው። ዕድሜያቸውን ስጠይቃቸው ወንዙ የሞላበትን አንድ ዓመት ጠቅሰው ያኔ ግመል እጠብቅ ነበር አሉ።

በአፋር ዘንድ መንገደኛ ዝም ብሎ አያርፍም፤ ዳጉ አለ። ያየኸውን፣ የሰማኸውን፣ የምትሄድበትን፣ የምትሄድበትን ምክንያት አንዱንም ሳታስቀር ትናገራለህ፤ ሰሚውም ሳያጎድል ለሚቀጥለው ያቀብላል። ይመር የራሱን ጨርሶ ወደ እኔ ደረሰ። ወንድሜን ላመጣ እንደሆነ ነገራቸው። እኔም ልኩራበት ብዬ ፎቶግራፉን አወጣሁ፤ ኮፒውን ይዤ ነበር።

ሙሳ ወደ ብርሃኑ አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት። ጣታቸውን ደምሴ አንገት ላይ፣ ከዚያ ትከሻው ላይ፣ ከዚያ ክንዱ ላይ አደረጉ። ሆዱን አልነኩትም። አንድ ነገር ተናገሩ። ይመር አልተረጎመም። «ምን አሉ?» ብዬ ብጠይቀው «ተወው ዶክተር» አለኝ። ሳስጨንቀው ግን እንዲህ አለ፦

«ገበያ ላይ ተንኮለኛ ሰው ከብቱን ጨው ያልሰዋል፤ ውሃ አጠጥቶ ሆዱን ነፍቶ ያቀርበዋል። ስለዚህ እኛ ስንገዛ ሆድ አናይም፤ ጀርባና አንገት ነው የምናየው፣ ነው የሚሉት። ይህ ሰው ውሃ ነው የተሸከመው አሉ።»

ፎቶግራፉን ተቀብዬ አየሁት። ለአንድ ዓመት በየቀኑ አይቼዋለሁ። የአንገቱ አጥንት ወጥቷል። የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል። ክንዱ ከሆዱ ጋር የአንድ ሰው አይደለም። ክፍሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አልጋ ላይ ባገኝ ከበሩ ሳላልፍ ጉበቱ እንደሆነ እናገራለሁ፤ ሥራዬ ነው። ያን ፎቶግራፍ የተቀበልኩ ዕለት ግን ለወንድሜ የጻፍኩት ደብዳቤ «ስለ መወፈርህ እጅግ ደስ ብሎናል፣ በርታ» የሚል ነው። በርታ አልኩት። ራሴን የምሸሽበት ጥላ ቢኖር እሸሽ ነበር፤ ካለው አንድ ጥላ ሥር ደግሞ ሽማግሌው አስቀምጠውኛል።

ሙሳ ሌላ ወተት አስመጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በደንብ አላስታውሰውም፤ አዳይቱ አደርን፤ አልጋ ነበረ፤ አልተኛሁም።

አራተኛው ቀን

ሚሌ ኬላ አለ፤ ፈተሹን። ሎጊያን አልፈን ሰመራ ስንደርስ ቀትር ሆኗል። ሰመራ ሲባል ከተማ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ ያኔ እኔ ያየሁት ከአስፋልቱ ዳር ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ የቆሙ ማሽኖችና የውሃ ቦቴ ነው። ዛፍ የለም። ነፋሱ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ አፍ ነው፤ ደብረ ብርሃን ነፋስ ሲመጣ ሰው ይሸፈናል፤ እዚህም ይሸፈናል፤ ምክንያቱ ብቻ ነው የተለያየው።

ደምሴ ሮጦ መጣ ልል ነበር፤ ሊሮጥ ሞክሮ ቆመ። «ጋሼ» ብሎ አቀፈኝ። ሆዱ በመካከላችን ስለነበረ ክንዱ ጀርባዬ ላይ አልደረሰም። የዓይኑን ነጭ አየሁ፤ ቢጫ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የባቡር ሳይሆን የእናት ዕድሜ፤ ሲወለድ እዚያው ነበርኩ።

ካምፑ ፍየል አረደልኝ። ፓስታ፣ ጥብስ፣ ቢራ፣ ከሾፌሮች የመጣ አረቄ። ጓደኞቹ እየተቀባበሉ ስለ ወንድሜ አበላል ያወሩልኛል፤ እሱ ግን ያን ሁሉ ሰው እያጎረሰ ራሱ ሁለት ጉርሻ አልዋጠም። ወጥ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ሰው አጠገቤ ቁጭ ብለው «አልሐምዱሊላህ፣ ሲመጣ እንዲህ ቀጭን ነበር፤ እኛ ነን የሰው ልክ ያደረግነው» አሉኝ፤ ትንሿን ጣታቸውን እያሳዩ። እጃቸውን ጨብጬ አመሰገንኳቸው። 

አምስተኛው ቀን

ማለዳ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ከቦቴው ጥላ ሥር ተቀመጥን። የተቀመጥኩት ልነግረው ነበር። በሥራዬ ለስንቱ ባዕድ ነግሬያለሁ! መጨረሻ ላይ ፈሪ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ቅጽ አወጣሁ። ለሐኪማችን ጥቂት ልጠይቅህ አልኩት። ደስ አለው፤ ሁልጊዜም ሲጠይቁት ይወዳል።

ክብደቱ መልካ ወረር የእርሻውን መንገድ ሊጠግኑ ሲሄዱ በጥጥ ሚዛኑ ተመዝኖ ሰማንያ አራት ኪሎ ነበር፤ ዓምናም፣ ዘንድሮም። ሳይቀንስ ሁለት ዓመት በመቆየቱ ኮራ። ቆላ ሲወርድ ሃምሳ ስምንት ነበር። መጠጥ? መጀመሪያ ለጥም ቢራ፣ ከዚያ ማታ ማታ አረቄ፤ ውሃው ሙቅና ጨዋማ ስለሆነ ቢራ ይሻላል ይባላል። አበላሉ? ፓስታና ሥጋ፣ ከግሬደሩ ወንበር ወደ ማዕድ፣ ከማዕድ ወደ አልጋ። መጀመሪያ የወፈረው በእውነት ነበር፤ ስብ ነበር። በኋላ ሥጋው እየሄደ ውሃው እየተካው ሲመጣ ሚዛኑ ያው ሰማንያ አራት አለ። ሚዛን ምን ያውቃል!

«ልብስ የጠበበህ የት የት ጋ ነው?» አልኩት፤ ቅጹ ላይ የሌለ ጥያቄ ነው።

«ሱሪ ብቻ» አለኝ። «ሸሚዝማ ይሰፋኛል።»

ከዚያ ወደ ወፍ በሽታው ደረስን። ሳቀ። «ይህንንማ አንተ ጻፈው» አለ። እውነቱን ነው፤ ልጆች ሳለን ሁለታችንንም በአንድ ሳምንት ነው የያዘን፤ በአንድ አልጋ ላይ ቢጫ ሆነን ከረምን። ጉበታችን ላይ ያደረው ነገር አንድ ከሆነ፣ እኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ጤነኛ ነኝ፤ አልጠጣም፣ ወፍሬ አላውቅም። ሐኪሙ ለዓመታት የጠየቀው ጥያቄ ይኸው በሁለት ወንድማማቾች ተመስሎ ቦቴ ሥር ቁጭ ብሏል። እኔ መልሱን አልፈለግኩትም።

በቀኝ ጎንህ ሕመም አለህ ወይ አልኩት።  ማሽን የሚያሞቁ ሰዎችን አሻግሮ ተመለከተ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ሁሉንም ሞልተህ ስሜን አልጻፍክም።»

ቅጹን ላጥፈው ስል እጄን ያዘኝ።

«ጻፈው እንጂ። እኔም ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ሱሪ እየጠበበ ሸሚዝ ሲሰፋ የማያውቅ ሰው የለም። ግን ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ እማዬም። ማንን ላስቀይም?»

ስሙን ጻፍኩ። ከዚያ አለቀስኩ፤ እሱ ነው ያባበለኝ። አብሮኝ እንዲወጣ ለመንኩት፤ ሐኪም ያያል፣ ምናልባት አልኩት። ምናልባት እንደሌለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የተስማማው ስለ ሐኪሙ አይደለም፤ እናታችንን ሊያያት ስለፈለገ ነው።

ስድስተኛውና ሰባተኛው ቀን

ካምፑ በሙሉ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ሸኘው። «አዲስ አበባ እንዳያከሱህ» ይሉታል። ይመር ከአሰብ ጭኖ ሲመለስ ጋቢናውን ለእኛ ለቆ፣ አብሮት የነበረውን ተሳፋሪ ከላይ ከጭነቱ ላይ አወጣው። ጉድጓድ ባየ ቁጥር እንደ ዕንቁላል ሻጭ ቀስ ይላል፤ ከዚያ ዘወር ብሎ «ደሜ፣ አለህ?» ይለዋል። ሁልጊዜ «አለሁ» ይላል ደምሴ።

አዳይቱ ልንደርስ ስንል ሙሳ ከመንገዱ ዳር ቆመዋል። ዳጉ ቀድሞን ደርሶ ኖሯል፤ የታመመው ሰው በይመር መኪና እየመጣ ነው ተብሏል። ወተት ይዘው ነው የቆሙት፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ደምሴ ጥቂት ጠጣና ትንሽ ቆይቶ መለሰው። ሽማግሌው ጭንቅላቱ ላይ እጃቸውን ጭነው ዱዓ አደረጉለት። ምንም ሳልሰጣቸው ተለያየን፤ የምሰጠው አልነበረኝም።

አዋሽ ላይ ወይዘሮ ዘሃራ አንድ ጊዜ አይተውት ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። ጨው የሌለው ሾርባ ሠርተው በማንኪያ አጠጡት፤ እኔ ጨው አይስማማውም ሳልላቸው። የራሳቸውን ፍራሽ ከነትራሱ ለባቡር አስያዙን። «ወንድምዓለም፣ እመልሳለሁ ብለህ አትጨነቅ፤ ይቅር» አሉኝ። እስከ ዛሬ አልመለስኩትም።

ባቡሩ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ደምሴ ይበርደው ጀመር። እኔ ቀለል ሲለኝ እሱ ይንቀጠቀጣል። ናዝሬት ላይ ካፖርቴን አለበስኩት፤ በሆዱ ላይ አልቆለፍ አለ።

ከተመለስን በኋላ

ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰ፣ ቅጹን አነበበ፣ ቅቤ የጠጣውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ወደ ደብተሩ አልገለበጠውም። ሊያስተነፍሰው ብሎ የሆዱን ውሃ በመርፌ ቀዳለት፤ ባልዲ ሞልቶ ሁለተኛ ባልዲ ቀረበ። ውሃው ሲወጣ ከሥሩ የነበረው ሰው ታየ፤ የጎድን አጥንት፣ ቆዳ፣ በቀኝ በኩል ድንጋይ የመሰለ ጉበት። ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠርቶ «ቤት ውሰደው» አለኝ። ቀደም ብሎ ቢመጣስ ኖሮ አልኩት። ባልመልስልህ ይሻላል አለኝ።

እናቴ እስከዚያ ቀን አላየችውም ነበር፤ ሳይሻለው እንዳታየው ብዬ ከባቡር በቀጥታ ሆስፒታል ነበር ያስገባሁት። «በርታ» ካልኩበት ደብዳቤ ቀጥሎ ይህ ሁለተኛው ስህተቴ ነው። በር ላይ ስታየው አላወቀችውም። ካወቀችው በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ?» አለችኝ። «ወፍሮ አልነበር?»

ከዚያ በኋላ ደምሴ አሥራ አንድ ቀን ነበር የቆየው። ዕቅፏ ውስጥ ነው የሞተው፤ ያን ያህሉን አግኝታለች። ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ የምትለው አንድ ነው፤ ልጄ ቆላ ወፍሮ አምሮበት ነበር፤ ወንድሙ ሄዶ አመጣና ሐኪም ቤት አስገብቶ አከሳው። ለቀስተኛው ያየኛል፤ አንገቴን እደፋለሁ። አንድ ጎረቤት ገለል አድርጎ ለምን አታስረዳትም አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳ? መንደር ጠርታ ያሳየችው፣ እልል ያለችበት፣ ከማርያም ሥዕል ጎን የሰቀለችው በሽታው ነበር ልበላት? ያ የኔ ዕውቀት ነው፤ እኔው ልሸከመው። ልጇን የገደለው ወንድሙ ነው ብላ ብትኖር ይሻላታል።

ድንኳኑ ከፈረሰ ሦስት ወር አለፈ። እሑድ እሑድ እሄድ ነበር። ምሳ ታቀርባለች፤ ፊቷን አዙራ ትቀመጣለች፤ እበላለሁ፤ እወጣለሁ። እኔም በበኩሌ ከዚያ ወዲህ እህል አልስማማ ብሎኝ ሱሪዬን በመቀነት ነበር የማስረው። አንድ እሑድ ግን እጄን ልታጠብ ስነሣ አየችኝ። ተመልሳ ገብታ ድስቱ ውስጥ የቀረውን ሥጋ ሁሉ አውጥታ ፊቴ ከመረችው።

«ብላ» አለችኝ።

ከቀብሩ ወዲህ የተናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነበር። ልጅ ሲከሳባት እናቴ የምታውቀው መድኃኒት ይህ ብቻ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩና በላሁ።